ቢወድቅ የማይሰበር የጀማሪ አውሮፕላን፦ የትኛው የፎም ክንፍ ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ (ሳቢያን)

እንደምን ሰነበታችሁ። በሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተይዞ በአብራሪው ዙሪያ ክብ እየሠራ የሚበረውን፣ ኮንትሮል ላይን የሚባለውን ሞዴል አውሮፕላን መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። የመጀመሪያው አውሮፕላኔ ከባልሳ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል፤ በአራተኛው ግን ክንፉ መሐል ለመሐል ስለተከፈለ ትቼዋለሁ። አወዳደቁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከመሬት እንደተነሣ እደነግጥና እጀታውን ወደ ላይ አብዝቼ እስባለሁ፤ አውሮፕላኑም ሽቅብ ወጥቶ በጀርባው ይገለበጣል። «ክንፉ ፎም የሆነውን ፈልግ» ብለውኛል። ሞተሬ በባትሪ የሚሠራ ነው። የትኛው ፎም እንደሚጸና፣ ተሠርቶ የተዘጋጀውን ባስመጣ ወይም እዚሁ ብሠራው የትኛው እንደሚሻል ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከሐረር (ሸዋ በር)

ወንድሜ፣ ፎም ሁሉ አንድ አይደለም። በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ ቀላልና ግትር በመሆኑ በደንብ ይበራል፣ ነገር ግን ሲወድቅ እንደ ቆሎ ይበተናል። የሚፈልጉት ኢፒፒ የሚባለውን፣ ከፖሊፕሮፒሊን የሚሠራውን ነው። ለመለየት ትንሽ ቁራጭ ይዘው እጥፍ ያድርጉት፤ ነጩ ጠቅ ብሎ ይሰበራል፣ ኢፒፒው ግን ይታጠፍና ተመልሶ ይቃናል። ይህ ልስላሴው ጉድለትም አለው፤ ብቻውን ሲሆን ክንፉ በበረራ ላይ ይጎብጣል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የካርቦን ዘንግ፣ ካልተገኘ በደንብ የደረቀ ቀርከሃ ይገባበታል። ተሠርቶ የተዘጋጀ ካስመጡ ኢፒፒ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ «ፎም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

መልስ፣ ከድሬዳዋ (ከዚራ)

ድሬ ላይ «አንቱ» ማለት አልተለመደምና ቅር እንዳይልህ። ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከክንፉ ይልቅ አያያዙ ያሳስበኛል። ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት ማዞሪያ፣ ቤልክራንክ የሚሉት፣ ፎሙ ላይ መተከል የለበትም። 700 ግራም የሚመዝን አውሮፕላን በ16 ሜትር ሽቦ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲዞር እጅህን ወደ ሁለት ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስባል፤ ፎም ይህን እየደጋገመ አይችለውም። ማዞሪያውን በኮምፔንሳቶ በተሠራው ገላ ላይ በብሎን እሰረው፤ ክንፉን ደግሞ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ አጥብቀህ ጠፍረው። ሲወድቅ ክንፉ ሸርተት ይላል እንጂ አይቆረጥም። የእኔ በዚህ መንገድ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አፍንጫው ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ ብቻ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

ሙጫም ልብ በል። የጫማ ሠሪ ማስቲሽና ሱፐር ግሉ ነጩን ፎም ያቀልጡታል። እኔ አንድ ምሽት በማስቲሽ አጣብቄ አድሬ ጠዋት ስነሣ በክንፉ ውስጥ እንደ አይጥ ጉድጓድ ያለ ቀዳዳ አገኘሁ። ለነጩ ቪናቪል ይበቃል፤ ማስቲሽ ለኢፒፒ ነው፣ እሱም በሁለቱም ወገን ተቀብቶ ጥቂት ከደረቀ በኋላ ሲገጠም።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

የጠያቂው ችግር ግማሹ የፎም ጉዳይ አይመስለኝም። የሚገለበጠው ኤሌቬተሩ፣ ማለትም ጅራቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል፣ ከመጠን በላይ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ከማዞሪያው የሚመጣውን መግፊያ ሽቦ፣ ኤሌቬተሩ ላይ በቆመው ባለ ቀዳዳ ቀንድ ላይ፣ ከማጠፊያው በጣም በራቀው ቀዳዳ ያስገቡት፤ እጅዎ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም ኤሌቬተሩ በጥቂቱ ብቻ ይታጠፋል። ባትሪውንም ወደ አፍንጫው ገፋ ያድርጉት፤ አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ሰነፍ ነው፣ ለጀማሪ ደግሞ ስንፍናው በረከት ነው። ክንዱን ከትከሻ ዘርግቶ፣ የእጅ አንጓን ሳያጥፉ መያዝም ይረዳል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤት ያለኝን ፎም ባጥፈው ጠቅ አለ፤ ስለዚህ ኢፒፒውን ብቻ ላስመጣና ገላውን እዚሁ አናጺ ዘንድ ላሠራ ወስኛለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ማብረር ይቻላል? ለአወዳደቅ የሚለሰልስ መስሎኝ ነው።

መልስ፣ ከድሬዳዋ (ከዚራ)

እኔ አልመክርህም። የሞተሩ ማግኔት ከአሸዋው ውስጥ ብረት ያለበትን ጥቁር ብናኝ እየሳበ ይሞላል፤ በክረምት ደግሞ ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይኛው አገር ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። ጠፍ ሜዳ ፈልግ፣ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ሂድ። የኤሌክትሪክ መስመር በአቅራቢያው ካለ ግን ሜዳው የቱንም ያህል ቢያምር ተመለስ፤ በእጅህ የያዝከው ብረት ነውና። እጀታውንም በማሰሪያ ከአንጓህ ጋር እሰረው። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት አንድ ሰው አውሮፕላኑን ይያዝልህና አንተ በክብደቱ አሥር እጥፍ ያህል ሳበው፤ ሽቦው የሚበጠስ ከሆነ ያን ጊዜ ይበጠስ።