ክሌይ ቶምሰን ይቀመጥ ወይስ ይሰለፍ?

ሕርማታ (ሐሙስ፣ ህዳር 8 ቀን 2015)፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬ ጠዋቱን የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ (NBA) ጨዋታ ላላያችሁ፣ ከሪ ፎኒክስ ላይ 50 ነጥብ አስቆጠረ፣ የምንደግፈው ቡድኑ ጎልደን ስቴት ግን 130 ለ119 ተሸነፈ። ከሜዳው ውጪ 8 ተጫውቶ 8ቱንም ተሸንፏል፤ ያውም የሰኔው ሻምፒዮን። አንድ ሰው 50 አግብቶ ከተሸነፍን የሌሎቹን አቋም መጠየቅ ግድ ነው። ሌላው የቡድኑ ተሰላፊ ክሌይ ቶምሰን ከሚወረውረው 100 ኳስ የሚያገባው 35 ገደማ ነው፤ ውድድሩ ከተጀመረ ደግሞ ወር ሞላው። እኔ የምለው ተቀያሪ ሆኖ ይግባ፣ በእሱ ቦታ ፑል ከመጀመሪያው ይሰለፍ። ስሙን ትተን ወቅታዊ አቋሙን እያየን እንከራከር።

ቆጪ፦
ወንድሜ፣ ክሌይን ዛሬ ነው እንዴ ያወቅኸው? ጥቅምት 2011ን ረሳኸው? በመጀመሪያዎቹ 7 ጨዋታዎች 36 ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ (ከሩቁ መስመር ውጪ የሚወረወር) ሞክሮ ያገባው 5 ብቻ ነበር። 5! ቀጥሎ ቺካጎ ላይ በ27 ደቂቃ ውስጥ 14 ሦስት ነጥብ አገባ፣ 52 ነጥብ ይዞ ወጣ። በአንድ ጨዋታ ከዚያ በላይ ያገባ እስከ ዛሬ የለም። ያኔ ከሳምንት በፊት አስቀምጠውት ቢሆን ኖሮ ያንን ሌሊት አናይም ነበር።

ቦሳ፦
ቆጪ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የምታወራው ስለ ሌላ እግር ነው። ከቺካጎው ጨዋታ በኋላ ምን እንደሆነ አስብ። ሰኔ 2011 ላይ በፍጻሜው 6ኛ ጨዋታ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከዚያ አገግሞ ሊመለስ ሲል ህዳር 2013 ላይ የቀኝ ተረከዙ ጅማት ሄደ። 941 ቀን አልተጫወተም፤ የተመለሰው ጥር 1 ቀን 2014 ነው። አሁን 32 ዓመቱ ነው። በትናንት ስም መሰለፍ የት እንደሚያደርስ እኛ ጅማዎች አናጣውም። የእግር ኳስ ቡድናችን አባ ጅፋር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ እንዳደገ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያንን ዋንጫ እያወራን ስንኖር ዓምና ወረደ። ሕርማታ ያለው ልክ ነው።

ቆጪ፦
አባ ጅፋርን እዚህ ውስጥ አታስገባብኝ፣ ቁስሌን አትንካ። ደግሞ ክሌይ ከጉዳቱ ከተመለሰ በኋላም ዋንጫ በልቷል፤ ሰኔ ላይ ቦስተንን 4 ለ2 ሲያሸንፉ ሜዳ ውስጥ ነበር።

ፈረንጅ አራዳ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ስለ ተረከዝ ጅማት ከተነሣ ግን ዝም ማለት አልችልም። የእኔ ከተበጠሰ ሦስት ዓመት ሆነ። ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ገና ካባራ በኋላ፣ ለሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ ለመያዝ) ልዘል ስል ነው። ከኋላዬ ሰው የረገጠኝ መስሎኝ ዞርኩ፤ ማንም የለም።

ካገገምኩ በኋላ የደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ ተረከዜን ወደ ላይ ማንሣት ነበር ሥራዬ። በደህናው እግሬ 25 ጊዜ፣ በታመመው 6። ስድስተኛው ላይ ባቴ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳ እይዛለሁ። በዓመቱ ወደ ሜዳ ስመለስ እጄ ላይ ምንም ለውጥ አልነበረም፤ አወራወሬ ያው የድሮው ነው። ግን ከሦስት ነጥብ መስመር የምወረውረው ሁሉ የቀለበቱን ፊት እየመታ ይመለሳል። የእኛ መስመር 6.75 ሜትር ነው፤ የNBAው መሃል ላይ 7.24 ነው። ያ ርቀት በክንድ ብቻ አይሸፈንም፤ ኃይሉ ከባት ነው የሚመጣው።

ሌላው ፍርሃት ነው። ክሌይ ባለፈው ክረምት ሙሉ የልምምድ ጨዋታ አልተጫወተም፤ ምክንያቱንም ራሱ ተናግሯል፦ ተረከዙ የተበጠሰው እንደዚያ ባለ ጨዋታ ላይ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ በነሐሴ ያደረጉትን ሩጫ እሱ በጥቅምት፣ በእውነተኛ ጨዋታ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው የጀመረው። ሁለት ቀን ተከታትሎ ጨዋታ ሲኖር እንኳ አንዱን ያሳርፉታል። ለእኔ ይህ የሰው አቋም ወረደ የሚባልበት ሁኔታ አይደለም፤ ገና ዝግጅቱን አልጨረሰም። የቀድሞው ተጫዋች ባርክሌይ በቴሌቪዥን የድሮው ክሌይ አይደለም ሲል ክሌይ ተከፍቷል፤ እኔም አብሬው ተከፋሁ።

አሰልጣኝ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ዋናውን ነገር አንቺ ነካሽው። እኔ ልጆቹን ሳሠለጥን አንድ ደብተር አለኝ። ኳስ በሳተ ቁጥር እጽፋለሁ፦ አጠረ፣ ረዘመ፣ ግራ፣ ቀኝ። ግራና ቀኝ የሚበታተን ልጅ ችግሩ እጁ ላይ ነው፤ ከመሠረቱ ማስተካከል አለብኝ። ሁሉም የሚያጥርበት ግን እግሩ ነው የደከመው፤ እሱን እጠብቀዋለሁ። ከ100 ውርወራ 40 የሚያገባ ጥሩ ወርዋሪ አንድ ጊዜ 33፣ ሌላ ጊዜ 47 ቢያገባ ምንም አይደንቅም። በወር ውስጥ መቶኛው ከሚነግረኝ ይልቅ አሳሳቱ ይነግረኛል።

ክሌይ ግን ጥፋት የለበትም አልልም። በ2009 ኢንዲያና ላይ በ29 ደቂቃ 60 ነጥብ ሲያስቆጥር ኳስ ያነጠረው 11 ጊዜ ብቻ ነበር። ይሮጣል፣ ይቀበላል፣ ይወረውራል። አሁን ሰው ፊቱ ቆሞ እያለ እያነጠረ ይወረውራል። ጥቅምት ላይ በመጀመሪያው የፎኒክስ ጨዋታ 8 ወርውሮ 1 አገባ፣ ከፎኒክሱ ቡከር ጋር ተጨቃጭቆ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሜዳ ተባረረ። በራሱ ላይ የተናደደ ሰው ነው ያየሁት። ይሰለፍ፤ ግን ያልበሰለውን ውርወራ ይቀንስ።

ሕርማታ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን እሱ እግሩን እስኪያገኝ ቡድኑ ይከፍላል፣ ወጣቶቹ ሙዲና ኩሚንጋ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የእኛ ልጅ ሦስት ተከታታይ ቢስት እርስዎ ራስዎ ያወጡታል። ለክሌይ ሲሆን ለምን ሌላ ሕግ ይኖራል?

አሰልጣኝ፦
እኔ የማወጣው ስቶ ወደ መከላከል የማይመለሰውን ነው። ስለሳተ ብቻ ያወጣሁት ልጅ ካለ ንገረኝ።

ሕርማታ፦
አለ ጋሼ። እኔን። በ2009፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ላይ። ከዚያ በኋላ ወቅቱ እስኪያልቅ ከ5 ደቂቃ በላይ አልገባሁም።

አሰልጣኝ፦
አስታወስኩ። የቁርጭምጭሚትህ ወለምታ ገና አልዳነም ነበር፣ አንተም አልነገርከኝም፣ እኔም አልጠየቅኩህም። መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ተሳስቻለሁ ልጄ።

ሕርማታ፦
እሺ ጋሼ። ሃሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ቦሳ (ሰኞ፣ ህዳር 12)፦
እንኳን ለህዳር ሚካኤል አደረሳችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል ስልኬን ከፈትኩ፦ ክሌይ ሂውስተን ላይ 41 ነጥብ፣ 10 ሦስት ነጥብ። 127 ለ120። ከሜዳ ውጪ የመጀመሪያው ድል።

ቆጪ፦
አላልኩም? አላልኩም እንዴ?!

ሕርማታ፦
ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን ሂውስተን ልጆች የሞሉበት ደካማ ቡድን ነው። አንድ ሌሊት የወሩን ስሌት አያጠፋም። ከክሊፐርስ ጋር ያሳየኝ፣ ያኔ ተሸነፍኩ እላለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ለዚህማ እኔም እስማማለሁ። ዛሬ ሌሊት ከኒው ኦርሊንስ ጋር ተከታታይ ጨዋታ ስለሆነ ያሳርፉት ይሆናል፤ ካሳረፉት «ሸሸ» እንዳትሉ። የክሊፐርሱ ሐሙስ ንጋት ላይ ነው። እኔ ቤት ኑ፣ ቡናው አዲስ ነው፣ ከአጋሮ ገና ትናንት መጣልኝ።

አሰልጣኝ፦
እመጣለሁ። ደብተሩንም ይዤ ነው የምመጣው። ሕርማታ፣ አጠረ ረዘመውን አንተ ትጽፋለህ።