«ሒሳብ አይዋሽም» ሲባል

የፊዚክስ መምህር፦ ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ እንግዳ «ሒሳብ አይዋሽም፤ ተፈጥሮም የምትታዘዘው ለቀመር ነው» ሲሉ ሰምቼ ተናደድሁ። ፕላኔት ለቀመር አትታዘዝም። ቀመሩ ነው እርሷን ተከትሎ የሚሮጠው።

የሒሳብ ወዳጅ፦ እንግዳው ልክ ናቸው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለ ቬሪዬ ከዩራነስ መንገድ መዛባት ተነሥቶ ያልታወቀች ፕላኔት የት እንዳለች በወረቀት ላይ አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1846 ደብዳቤው በርሊን በደረሰበት ሌሊት በዚያ የነበረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጋለ ኔፕቱንን ከተባለው ቦታ 1 ዲግሪ እንኳን ሳትርቅ አገኛት። ተከትሎ የሚሮጥ እንዴት ቀድሞ ይደርሳል?

የመሬት ቀያሽ፦ ካርታውንም አንርሳ! «ሰማዩን ከኮከብ ካርታው ጋር እናስተያይ» ያለው አንድ ተማሪ ነበር። በካርታው ላይ የሌለች ነጥብ ስትገኝ ነው ፕላኔቷ የታወቀችው። የስሌት ሰዎች የእኛን ሥራ ሁልጊዜ ይዘሉታል።

የፊዚክስ መምህር፦ ታሪኩ ለምን ግማሹ ላይ ይቆማል? ያው ለ ቬሪዬ በ1859 የሜርኩሪን መዛባት አይቶ በፀሐይ አጠገብ ሌላ አካል መኖር አለበት አለ። ቩልካን የሚል ስም ሳይቀር ወጣለት። ለዓመታት ተፈለገ፤ የለም! አይዋሽም የተባለው ሒሳብ ያኔ ምን አደረገ?

የሒሳብ ወዳጅ፦ አልዋሸም። የተሳሳተው መነሻው ነው፤ የኒውተን የስበት ሕግ እዚያ አልበቃም። አንስታይን በ1915 መነሻውን ሲለውጥ፣ በሜርኩሪ መንገድ ላይ በየ100 ዓመቱ ከኒውተን ስሌት የሚተርፈው 43 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያለ አዲስ ፕላኔት ተፈታ።

የፊዚክስ መምህር፦ እንግዲያውስ አመኑልኝ። የነገሩትን መልሶ የሚናገር ምስክር «አይዋሽም» ተብሎ አይመሰገንም። አይቶ የመሰከረው ሰማዩ ነው።

የሒሳብ ወዳጅ፦ «ምስክር» የሚለውን ቃል አልቀበልም። አንስታይን የተጠቀመበትን ጂኦሜትሪ የሒሳብ ሊቁ ሪማን ያቀረበው በ1854፣ ስለ ሜርኩሪ ሳያስብ ነው። ከሰው አእምሮ ብቻ የወጣ ከሆነ ከ61 ዓመት በኋላ ከሰማይ ጋር ስለምን ገጠመ?

የፊዚክስ መምህር፦ የገጠመውን ብቻ ስለምንቆጥር ነው። ያልገጠመው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

የሒሳብ ወዳጅ፦ አንድ ይጥቀሱልኝ።

የፊዚክስ መምህር፦ ቩልካን።

የሒሳብ ወዳጅ፦ የተሳሳተው መነሻው ነው አልኩ እኮ!

የመሬት ቀያሽ፦ ስለ ካርታው ግን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።