ኬብል ሳይኖረን የክረምት ኦሎምፒክን እቤት ሆነን እንዴት እንከታተል?

የሳሮን እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ኬብሉን ባለፈው ዓመት አቋርጠነዋል። ሂሳቡ በየጊዜው ይጨምራል፣ የምናየው ደግሞ ሦስት አራት ቻናል ነው፣ ስለዚህ ኢንተርኔቱን ብቻ አስቀርተን ሳጥኑን መለስንላቸው። እስካሁን ምንም አልጎደለብንም። አሁን ግን የ2026 የክረምት ኦሎምፒክ ደረሰ። ከፌብሩዋሪ 6 እስከ 22 ሚላኖና ኮርቲና ላይ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ ፊገር ስኬቲንግ ትማራለች፣ ጠዋት ማታ የምታወራው ስለ ኢሊያ ማሊኒን ብቻ ሆኗል። እዚሁ ፌርፋክስ ተወልዶ፣ ሬስተን እየተለማመደ አድጎ፣ በ2024 እና በ2025 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ልጅ ስለሆነ የሰፈሯ ልጅ አድርጋ ነው የምታየው። እሱን በቀጥታ ሳታይ ብትቀር በጣም ነው የምታዝነው፣ እኔም አልፈልግም።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። አንቴና ብቻ ብገዛ ይበቃኛል? ወይስ የግድ የምከፍለው አፕ አለ? የምንኖረው አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ትንሽ በረንዳ አለችን። አንድ ሰው ደግሞ "አንዴ ገዝተሽ የዓለምን ቻናል ሁሉ የምታዪበት ቦክስ አለ" ብሎኛል። ያዋጣል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነች፣ አብራን ታያለች።

የሜሪላንዱ ቴክኒሻን

እህቴ፣ ከአንቴናው እንጀምር፣ ምክንያቱም ያለሽበት ቦታ ለአንቴና ጥሩ ነው። ኦሎምፒኩን አሜሪካ ውስጥ የሚያሳየው ኤንቢሲ ነው፣ በእናንተ አካባቢ ኤንቢሲ 4 ማለት ነው። ይሄ ጣቢያ በአየር ላይ በነፃ ይሰራጫል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የዋሽንግተን ጣቢያዎች ማማ አብዛኛው ያለው በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ ከዚያ ብዙም አትርቅም።

ከ20 እስከ 40 ዶላር የሚሸጥ፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ አንቴና ግዢ። "ይህን ያህል መቶ ማይል ይስባል" የሚለውን የሳጥኑን ጽሑፍ አትመኚው። ማማው ቅርብ ከሆነ አምፕሊፋየር ያለው አንቴና ሲግናሉን ከልክ በላይ አጠንክሮ ጭራሽ ሊያበላሽብሽ ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ አምፕሊፋየር ሞክሪ። ሽቦው ቲቪሽ ጀርባ ላይ፣ ድሮ ኬብሉ ይገባበት የነበረው ክብ ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ከዚያ በሪሞቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አንቴና ወይም ኤር የሚለውን ምረጪና ቻናል ስካን አድርጊ። ኬብል የሚለው እንደተመረጠ ስካን ከተደረገ ቲቪው በአየር ላይ ያለውን አይፈልግም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ነው አንቴናውን ሱቅ የሚመልሰው።

ቦታው ወሳኝ ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ካለሽ እዚያ ጀምሪ። የብረት መረብ ያለው መስኮትና ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የተቀባ መስታወት ሲግናል ይከለክላሉ፣ ስለዚህ ግማሽ ሜትር እንኳ ብታንቀሳቅሺው ለውጥ ታያለሽ። ባንቀሳቀስሽ ቁጥር እንደገና ስካን አድርጊ። ኤንቢሲ 4 የሚመጣው ዩኤችኤፍ በሚባለው የሞገድ ዓይነት ስለሆነ ትንሿ አንቴና በደንብ ትይዘዋለች። ኤቢሲ 7 እና ሲቢኤስ 9 ግን ትልቅ አንቴና በሚፈልገው ሞገድ፣ በቪኤችኤፍ ነው የሚመጡት፣ እነሱ ቢያስቸግሩሽ አትደንግጪ፣ ለኦሎምፒኩ አያስፈልጉሽም። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ የፌደራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ አድራሻሽን ብታስገቢ የትኛው ጣቢያ ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚደርስሽና ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ የሚያሳይ ካርታ አለ።

በረንዳሽ የራስሽ ብቻ ከሆነች አንቴናውን እዚያ ብታስቀምጪው አከራይሽ ሊከለክልሽ አይችልም። የፌደራል ደንብ ነው፣ ተከራይንም ይጨምራል። ግድግዳ መብሳት ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ በበር ስር የሚያልፍ ስስ ሽቦ ተጠቀሚ።

ሄኖክ ከውድብሪጅ

ወንድማችን ስለ አንቴናው ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ደግሞ አንቴናው የማይሰጥሽን ልንገርሽ።

ጣሊያን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች። የስኪው ውድድር እዚያ ጠዋት ሲጀመር እዚህ ገና ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፣ በአበሻ አቆጣጠር። ማታ የሚደረገው የስኬቲንግ ውድድር እዚህ ቀን ላይ ይውላል። ኤንቢሲ ቀን ላይ ከፊሉን በቀጥታ ያሳያል፣ ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የቀኑን ትልልቅ ውድድር መርጦና ቆራርጦ ይደግማል። አንቴና ብቻ ካለሽ የምታዪው እነሱ የመረጡልሽን ነው። ያልታወቁ አገሮች ስኬተሮች፣ የመጀመሪያው ግሩፕ፣ ልምምዱ፣ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ። ከፊሉ ውድድር ደግሞ ዩኤስኤ ኔትወርክ የሚባለው የኬብል ቻናል ላይ ነው የሚሄደው፣ እሱ በአንቴና አይመጣም።

ሁሉንም ውድድር በቀጥታም ሆነ በኋላ ሙሉውን የሚያሳየው ፒኮክ የሚባለው የኤንቢሲ አፕ ነው። ማስታወቂያ ያለበት በወር 10.99 ዶላር ነው። ውድድሩ 17 ቀን ብቻ ስለሆነ አንድ ወር ይበቃሻል። ፌብሩዋሪ 5 ላይ ግቢ፣ ከዚያ እዚያው ቀን ካንስል አድርጊ፣ የከፈልሽበት ወር እስኪያልቅ ይሠራል፣ ረስተሽ የሁለተኛ ወር አትከፍዪም። ቲቪሽ ስማርት ካልሆነ ቲቪው ላይ ተሰክቶ አፕ የሚያስከፍት ሮኩ ወይም ፋየር ስቲክ ይበቃል።

የወንዶቹ ስኬቲንግ ሁለት ዙር አለው፤ የመጀመሪያው፣ አጭሩ ፕሮግራም የሚባለው፣ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 10፣ የመጨረሻው፣ ነፃው ፕሮግራም የሚባለው ረጅሙ፣ አርብ ፌብሩዋሪ 13 ነው። የአርቡ እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ልጅሽ ትምህርት ቤት ነች። ግን 24 ስኬተር ነው የሚወዳደረው፣ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በአጭሩ ፕሮግራም የመራው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ማሊኒን አጭሩን ከመራ ሮጣ ቤት ከደረሰች በቀጥታ ታየዋለች። ካልደረሰች ስልኳን ሳትከፍት ፒኮክ ላይ ከመጀመሪያው አስጀምሪላት፣ ውጤቱን ማንም እንዳይነግራት ብቻ ጠብቂያት! አራት ዙር ተኩል አየር ላይ የሚዞርበትን ኳድ አክሰል በውድድር የሠራ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ ዘንድሮም ይሞክረው እንደሆነ ሳያውቁ ማየት ሌላ ነገር ነው።

እሑድ ፌብሩዋሪ 8 ሱፐር ቦውልም ኤንቢሲ ላይ ነው። ስለዚህ የዚያን ዕለት ማታ በአንቴና ኦሎምፒክ ስትጠብቂ ፉትቦል ታገኛለሽ። የስኬቲንጉ የቡድን ውድድር የሚያልቀው በዚያው ቀን ስለሆነ ፒኮክ ላይ ተከታተዪው።

ቦክሱን ተዪው። በጣም አጥብቄ ነው የምለው። እነዚያ ቦክሶች የሚያሳዩት የተሰረቀ ስርጭት ነው። የማውቀው ሰው ቤት ነበረ፣ አዘቦት ቀን ደህና ይሠራል፣ ትልቅ ውድድር ሲመጣ ይቆማል፣ ሻጩም ስልክ አያነሳም። ከቤትሽ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው የማይታወቅ ዕቃ ነው፣ የባንክ አካውንትሽን የምትከፍቺው በዚያው ዋይፋይ ነው። ለ11 ዶላር ብለሽ እዚያ ውስጥ አትግቢ።

የሳሮን እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! አንቴናውን ቅዳሜ እገዛለሁ፣ ፒኮክንም እንዳልከኝ አደርጋለሁ። ቦክሱ ቀርቷል። እናቴ ደግሞ አንድ ጥያቄ አላት፣ "የኛ ሰው አለበት ወይ?" ትላለች። በረዶ ላይ ኢትዮጵያዊ ተወዳድሮ ያውቃል?

የድሮ ስፖርት ወዳጅ

ልጄ፣ ለእናትሽ ሮቤል ተክለማርያምን ንገሪያቸው። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ መጣ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሌክ ፕላሲድ ላይ ስኪ ለመደ፣ ከዚያም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። በ2006 ቱሪን ላይ፣ እዚያው ጣሊያን አገር፣ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ። አገራችን በክረምት ኦሎምፒክ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር፣ ተወዳዳሪውም እሱ ብቻ ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተወዳደረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት የክረምት ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያ አልነበረችም። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም አገር አቋራጭ ስኪ የትንፋሽና የጽናት ውድድር ነው፣ ከፍታ ላይ ያደገ ሕዝብ ደግሞ እሱን አያጣም።

ኤርትራም በሻነን አቤዳ በኩል በ2018 እና በ2022 በቁልቁለት ስኪ ተሳትፋለች። እሱ ካናዳ የተወለደ ልጅ ነው።

ስለዚህ ስኬቲንጉን ብቻ አይታችሁ እንዳትተዉት። ዘንድሮ የሴቶቹ ረጅሙ የአገር አቋራጭ ስኪ 50 ኪሎ ሜትር ሆኗል፣ ከወንዶቹ እኩል ማለት ነው። በ2022 ሴቶቹ 30 ነበር የሚሮጡት። ፌብሩዋሪ 22፣ የመዝጊያው ዕለት ነው። እኛ ጋ ሌሊት ስለሚሆን ጠዋት ተነስታችሁ ፒኮክ ላይ ከመጀመሪያው ክፈቱት። ማራቶን የለመደ ሰው አንዴ ካየው ከወንበሩ አይነሳም። ማን መሪውን ተከትሎ ጉልበቱን እንደሚቆጥብ፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ሁሉም ነገር የምናውቀው ነው።

ማርታ፣ ፍራንክፈርት

እኛ ጋ ነገሩ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ አበሻ ስለማያውቀው ልጻፈው። ጀርመን ውስጥ ድሮ አከራዩ የኬብሉን ሂሳብ ከቤት ኪራዩ ተጨማሪ ወጪ ጋር ደምሮ ሊያስከፍለን ይችል ነበር፣ ብናይም ባናይም። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይሄ ቀርቷል። ስለዚህ የዓመቱ የኪራይ ወጪ ዝርዝር ሲመጣላችሁ ኬብል የሚል መስመር አሁንም ካለበት ጠይቁ።

ኬብሉን ብትተዉም የሕዝብ ጣቢያዎቹ ኤአርዲ እና ዜትዲኤፍ አይቋረጡባችሁም። ለእነሱ በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ ለማንኛውም እየከፈልን ነው፣ በአንቴናም ይመጣሉ፣ ሜዲያቴክ በሚባለው የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎታቸውም በስልክና በቲቪ ይታያሉ። ኦሎምፒኩን ያሳያሉ። ደግሞ ለኦሎምፒክ ብቻ አይደለም፣ ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ባያትሎን (ስኪ እየሄዱ መሀል ላይ በጠመንጃ ኢላማ የሚመቱበት)፣ የስኪ ዝላይ፣ ቦብስሌድ (በበረዶ ቦይ ውስጥ በተንሸራታች የሚወረድበት) በቀጥታ ነው። እኔ ባያትሎንን የወደድኩት እንዲሁ ቲቪው ተከፍቶ ነው፣ አሁን አንድ ውድድር አያመልጠኝም። ልቡ እየመታ መጥቶ ትንፋሹን ይዞ አምስት ኢላማ መምታት አለበት፣ የሳተ ደግሞ እንደ ውድድሩ ዓይነት የቅጣት ዙር ይሮጣል ወይም ሰዓት ይጨመርበታል። አንዴ ሞክሩት። ከጀርመን ውጪ ላላችሁ ግን የቀጥታ ስፖርቱ አይከፈትም።

የቶሮንቶው

ካናዳ ላላችሁ፣ ሲቢሲ ጄም የሚባለው አፕ ላይ ኦሎምፒኩን በነፃ ታያላችሁ። ኢሜይል አስገብታችሁ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። ሲቢሲ ቲቪውም በአንቴና ይገባል። ለዚህ ብላችሁ ምንም እንዳትከፍሉ።

የሳሮን እናት

አንቴናው ተሰክቷል፣ ኤንቢሲ 4 ጥርት ብሎ ገብቷል! በረንዳ ላይ ሳይሆን ሳሎን መስኮት ላይ ነው ያደረግነው። እናቴ የሮቤልን ነገር ስነግራት ፎቶውን አሳዩኝ አለች፣ አሳየናት፣ ከዚያ ደውላ አዲስ አበባ ላሉት ሁሉ ነገረች። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። ኦሎምፒኩ ካለቀ በኋላ ልጄ ስኬቲንግ የት ታያለች? አራት ዓመት ጠብቂ ልላት አልችልም።

ሄኖክ ከውድብሪጅ

አትጠብቅም። የዓለም ሻምፒዮናው በዚሁ ማርች መጨረሻ ፕራግ ላይ ነው፣ ፒኮክ ያሳየዋል። ስለዚህ የፌብሩዋሪውን ወር ጨርሰሽ ዝጊው፣ ለፕራግ ደግሞ ሌላ አንድ ወር ክፈቺ፣ መሀል ላይ ያሉትን ሳምንታት አትከፍዪም። ዩትዩብ ላይ ደግሞ የዓለም አቀፉ ስኬቲንግ ዩኒየን ቻናል አለ፣ ከክረምቱ በፊት የሚደረገውን የታዳጊዎች ግራንድ ፕሪ በነፃ በቀጥታ ያሳያል። እነዚያ ተወዳዳሪዎች 13 እና 14 ዓመት የሆናቸው ልጆችም አሉባቸው፣ ለልጅሽ ከትልልቆቹ ይልቅ እነሱን ማየት የበለጠ የሚጠቅማት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እሷ ልትደርስበት የምትችለው ደረጃ ነው። የቦብስሌድ ዓለም አቀፍ ፌደሬሽንም ውድድሮቹን ዩትዩብ ላይ ያወጣል፣ ወንድ ልጅ ካለሽ ፍጥነቱን ይወደዋል።

ፒኮክን ስትከፍቺ በአንድ አካውንት ሦስት ቦታ በአንዴ ማየት ይቻላል። እናትሽ ስኪውን ሳሎን፣ ልጅሽ ስኬቲንጉን ክፍሏ ማየት ይችላሉ። የቲቪሽን ሞዴል ጻፊልኝ፣ አፑ በቀጥታ እሱ ላይ መጫን ይቻል እንደሆነ አይቼ እነግርሻለሁ።