አንድ ስትሪንግ (የፊደላት ቅደም ተከተል) «ተደጋጋሚ ነው» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፤ ጀማሪ ኮደር

ጤና ይስጥልኝ። ፕሮግራሚንግ መማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አሁን የያዝኩት መልመጃ «የተሰጠው ስትሪንግ ከተደጋጋሚ ፓተርን የተሠራ መሆን አለመሆኑን የሚለይ ፈንክሽን ጻፍ» ከማለት ውጪ ሌላ ማብራሪያ የለውም። እኔ ያሰብኩት የመጀመሪያው ፊደል ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣበትን ቦታ ፈልጌ፣ እስከዚያ ያለውን እንደ ፓተርን ወስጄ፣ የቀረው ሁሉ የእርሱ ቅጂ መሆኑን በሉፕ ማረጋገጥ ነበር። «ክርክር»፣ «ጭቅጭቅ» እና «ድብድብ» በሚሉት ቃላት ስሞክረው ሠራ። «ለለመለለመ» ብዬ ሳስገባ ግን ሁለተኛውም ፊደል «ለ» ስለሆነ ፓተርኑ «ለ» ብቻ ነው ብሎ አሰበና «ተደጋጋሚ አይደለም» አለኝ። «ለለመ» ሁለት ጊዜ መጻፉ ግን በዓይን ይታያል።

በዚህ ላይ «ፍልቅልቅ» የሚለው ቃል አደናገረኝ። «ልቅ» ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መጥቷል፤ ቃሉ በሙሉ ግን ድግግሞሽ አይደለም። ይህ ተደጋጋሚ ሊባል ይገባዋል?

መልስ፤ የሌሊት ኮደር

ቅደም ተከተሉ ከክርክር ወደ ድብድብ መሆኑ አስቆኛል። ወደ ጉዳዩ ስንመለስ፣ የእርስዎ ችግር ኮዱ ላይ ከመድረሱ በፊት ትርጉሙ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ተደጋጋሚ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደብቀዋል። የመጀመሪያው፣ ስትሪንጉ በሙሉ የአንድ አጭር አሃድ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቅጂ ነው ወይ የሚል ሲሆን «ክርክር» እና «ለለመለለመ» ይህን ያሟላሉ። ሁለተኛው፣ በውስጡ ጎን ለጎን የተደገመ ቁራጭ አለው ወይ የሚል ነው፤ «ፍልቅልቅ» የሚገባው እዚህ ነው። ሦስተኛው ከቦታው ጋር ጉዳይ የለውም፤ አንድ ቁራጭ የትም ይሁን የት፣ ተራርቆም ሆነ ተደራርቦ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይገኛል ወይ ይላል። መልመጃው «ከተደጋጋሚ ፓተርን የተሠራ» ስላለ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ከሆነ ባዶ ስትሪንግም ሆነ ባለአንድ ፊደል ስትሪንግ መልሱ «አይደለም» ነው።

ለዚህኛው ትርጉም ዋናው ነገር የአሃዱ ርዝመት የሙሉውን ርዝመት ያለ ቀሪ ማካፈል ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ፊደል እያሳደዱ ፓተርኑ የት እንደሚያልቅ ከመገመት ይልቅ አካፋዮቹን ከ1 ጀምሮ እስከ ግማሽ ድረስ ይሞክሩ፤ ለእያንዳንዱም በየቦታው ያለው ፊደል ያን ያህል እርምጃ ወደፊት ካለው ፊደል ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። «ለለመለለመ» 6 ፊደል ስለሆነ የሚሞከሩት 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ 1 እና 2 ይወድቃሉ፣ 3 ያልፋል።

አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ብቻ ከተፈለገ ሥራው ከዚህም ያንሳል። ርዝመቱን ያለ ቀሪ በሚያካፍሉት ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥሮች ብቻ እያካፈሉ የሚገኙትን ርዝመቶች መሞከር በቂ ነው፤ ምክንያቱም አጭር አሃድ ካለ የእርሱ ብዜት የሆነና ርዝመቱን የሚያካፍል ማንኛውም ርዝመትም ፈተናውን ያልፋል። የ100,000 ፊደል ስትሪንግ ከራሱ በታች 35 አካፋዮች አሉት፤ በዚህ መንገድ ግን የሚሞከሩት 50,000 እና 20,000 ብቻ ናቸው።

መልስ፤ አጭር ኮድ ወዳድ

ከላይ የተሰጠው ትክክል ነው፤ እኔ ግን በአንድ መስመር የሚያልቀውን መንገድ እመርጣለሁ። ስትሪንጉን ከራሱ ጋር ይቀጥሉት፣ ከተቀጠለው ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ይቁረጡ፣ ከዚያም ዋናውን ስትሪንግ በውስጡ ይፈልጉ። «ክርክር» ሲቀጠል «ክርክርክርክር»፣ ሲቆረጥ «ርክርክርክ» ይሆናል፤ በውስጡም ከሁለተኛው ፊደል ጀምሮ «ክርክር» ይገኛል። «ሰላም» ግን «ላምሰላ» ስለሚሆን አይገኝም። የሚሠራበት ምክንያት፣ ጫፎቹ ከተቆረጡ በኋላ የሚገኝ ቅጂ ስትሪንጉ ተሽከርክሮ ከራሱ ጋር መግጠሙን ስለሚያሳይ ነው፤ እንዲህ የሚሆነው ደግሞ ድግግሞሽ ሲኖር ብቻ ነው።

በሬጌክስ (የጽሑፍ ፓተርን መፈለጊያ አጻጻፍ) ለሚሠራ ሰው ^(.+?)\1+$ ይበቃዋል። የጥያቄ ምልክቷ ከሌለች ግን የሚያዘው አጭሩ አሃድ ሳይሆን ረጅሙ ነው፤ እኔ በዚህ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

መልስ፤ የሌሊት ኮደር

በአንድ መስመር ማለቁ እውነት ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከጀርባ ባለው የፍለጋ ፈንክሽን ላይ የተመሠረተ ነው። ፍለጋው ተራ ከሆነ «ለ» ብቻ ለረጅሙ ተደጋግሞ መሃል ላይና መጨረሻ ላይ አንዳንድ «መ» የገባበት ዓይነት ስትሪንግ ሲያጋጥመው ሥራው ወደ ርዝመቱ ካሬ ሊጠጋ ይችላል። አስተማማኙ ኑዝ፣ ሞሪስና ፕራት በ1977 ያሳተሙት ስልት ነው። በየፊደሉ ላይ ቆሞ፣ እስከዚያ ካለው ጽሑፍ ከፊት ተቆርጦም ከኋላ ተቆርጦም አንድ ዓይነት የሚሆነው፣ ከጽሑፉ ራሱ የሚያንሰው ረጅሙ ቁራጭ ስንት ፊደል እንደሆነ በሠንጠረዥ ይመዘግባል። ለ«ለለመለለመ» ሠንጠረዡ 0፣ 1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ከርዝመቱ ሲቀንሱ 6 ሲቀነስ 3፣ ማለትም 3 ይቀራል፤ 3 ደግሞ 6ን ያለ ቀሪ ስለሚያካፍል አጭሩ አሃድ 3 ፊደል አለው ማለት ነው። «ለመለመለ» ላይ ሠንጠረዡ 0፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ሲሆን 5 ሲቀነስ 3 እኩል ይሆናል 2፤ 2 ግን 5ን ስለማያካፍል መልሱ «አይደለም» ነው። የመጨረሻው ቁጥር 0 ከሆነም መልሱ «አይደለም» መሆኑን አይርሱ፤ አለበለዚያ ርዝመቱ ራሱን ስለሚያካፍል ማንኛውም ቃል ተደጋጋሚ ሆኖ ይወጣል።

ጠያቂው፤ ጀማሪ ኮደር

እጅግ አመሰግናለሁ፤ በሠንጠረዡ ጻፍኩት፣ «ለለመለለመ»ም አለፈ። ሁለት ነገር ግን ቀርቶኛል። በሲ ቋንቋ «ክርክር»ን ሳስገባ ርዝመቱ 12፣ አሃዱ 6 ነው ይለኛል። «ቶሎ ቶሎ» ደግሞ ተደጋጋሚ አይደለም ይላል።

መልስ፤ የፊደል ነገር

12 የሆነው ሲ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ስለሆነ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት በሚቀመጡበት ሥርዓት) የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ደስ የሚለው ነገር አዎና አይደለም የሚለው ፍርድ በዚህ አይበላሽም። ከ«ሀ» ረድፍ ጀምሮ ያሉት ዋናዎቹ ፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይታቸው ሁልጊዜ 225 ሲሆን ተከታዮቹ ሁለቱ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ስለሚወድቁ፣ አሃዱ ፊደል መሃል ላይ ሊቆረጥ አይችልም። የሚታረመው የሚታተመው ርዝመት ብቻ ነው፤ ከ128 እስከ 191 ያሉትን ባይቶች ዘለው ቢቆጥሩ 4 እና 2 ያገኛሉ።

«ቶሎ ቶሎ» ላይ ኮድዎ አልተሳሳተም። ባዶ ቦታውም እንደ ፊደል ስለሚቆጠር ርዝመቱ 5 ነው፤ የሚደገመው «ቶሎ» ከነባዶ ቦታው 3 ሲሆን የመጨረሻው ቅጂ ባዶ ቦታው ጎድሎታል። ቃላትን ማወዳደር ከፈለጉ አስቀድመው በባዶ ቦታ ይክፈሉና ሠንጠረዡን በፊደላት ፋንታ በቃላት ዝርዝር ላይ ያሂዱ። «ፀሐይ ጸሀይ» የሚመስል ግብዓት ሊመጣ ከቻለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ይለውጡ፤ ለኮምፒውተሩ «ፀ» እና «ጸ» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።