ጥያቄ፦ የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ሃይሉክስ ውስጥ ይገባል?

ባለ ሃይሉክስ (አዳማ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኤልኤን 106 የሚባለው ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ፣ ከመቂ ሽንኩርት አመላልስበታለሁ። 2.8 ሊትሩ 3ኤል ሞተር ደክሟል። ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ጭሱ አያስጠጋም። አሁን 1ኤችዜድ ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) አግኝቻለሁ። በሜትር ስለካው ግን ራዲያተሩን ሊነካ ነው። ምን ልቁረጥ? ሞተሪኖው (ማስነሻው) ደግሞ 24 ቮልት ነው፣ የኔ መኪና 12።

ጋራዥ ያለው
ወንድሜ፣ ይገባል። ግን ገና ምንም እንዳትቆርጥ! ያንተው አራት ሲሊንደር ነው፤ 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር፣ በአንድ መስመር ስድስት ሲሊንደር። ጣጣው ርዝመቱ ነው። መጀመሪያ ዲናሞውን፣ ፋኑንና ማኒፎልዱን (የአየርና የጭስ ቱቦዎቹን) ፍታ። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር እንደታሰረ በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ወደ ቦታው አውርደውና አንጠልጥለህ ተወው። ከዚያ የፊት አክሱን በክሪክ ወደ ላይ ግፋው፣ የአክሱ ማቆሚያ ላስቲክ ሻንሲውን እስኪነካ ድረስ። ኤልኤን 106 የፊት አክሱ ድፍን ስለሆነ ጉድጓድ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይነሳል። በዚያ ሰዓት በዘይት መያዣውና በአክሱ መሃል ሁለት ጣት ካልገባ ሥራው አልተጀመረም ማለት ነው። ብዙ ሰው መኪናው ቆሞ ለክቶ ሱፖርቱን (ሞተሩ የሚቀመጥበትን) ይበይዳል። ጭኖ ሲወጣ አክሱ የዘይት መያዣውን ይበሳዋል።

ሞተሩን ወደ ኋላ ብትገፋው በጋቢናው በኩል ያለው ላሜራ ይቆረጣል፣ የማርሽ ዘንጉም ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላው ዘንግ ማጠር አለበት። ቶርኖ ቤት አሳጥረህ ባላንስ አስደርገው፣ አለዚያ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

የአሰላ መስመር ሹፌር
እኔ የምፈራልህ ሙቀቱን ነው። የአዳማ ሙቀት፣ በዚያ ላይ ጭነት፣ በዚያ ላይ የአሰላ ዳገት! የድሮው ራዲያተር ይህን ሞተር አይችልም። ቦታ ጠበበ ብለው የሞተሩን ፋን አውጥተው ከፊት ትንሽ የኤሌክትሪክ ፋን የሚያስሩ አሉ። ለጭነት መኪና አልመክርም። ራዲያተሩን ወደ ፊት፣ ወደ ፓራውልቱ አስጠጋና የራሱን ፋን ከነሽፋኑ አቆየው። የታይሚንግ ቀበቶ መቀየሪያ ቦታም አትርሳ። ቀበቶ በተቀየረ ቁጥር ሞተር የሚወርድ ከሆነ ምኑን መኪና ሆነ?

ባለ ሃይሉክስ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካምቢዮውስ እንዳለ ይሄዳል?

ጋራዥ ያለው
እሱን ልነግርህ ነበር። የሃይሉክስ የፊት ዲፈረንሻል (ከዘንጉ ኃይል ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው) በግራ ነው፣ የላንድክሩዘር በቀኝ። ስለዚህ የዚያ ካምቢዮ የፊት ዘንግ ካንተ አክስ ጋር አይገናኝም። ወይ የላንድክሩዘር አክስ ታስገባለህ፣ ወይ ያንተን ካምቢዮ በማገናኛ ታስራለህ። ያንተ ካምቢዮ ግን የተሠራው ለትንሽ ሞተር ነው። ጭነት ላይ ዕድሜው ያሳስበኛል።

ኤሌክትሪሺያን
ስለ ቮልቱ፦ ሞተሪኖ፣ ዲናሞና ማሞቂያ ካንዴላ ሁሉም 12 ይሁኑ። ብዙዎች የሚረሱት የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችውን፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናፍጣ መዝጊያ ነው። እሷም 24 ከሆነች በ12 በደንብ ላትስብ ትችላለች። ሞተሩ ይሽከረከራል፣ አይነሳም። ከዚያ ሰው ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ሲፈታ ይውላል።

የአሰላ መስመር ሹፌር
ልጄ፣ ሥራህ ሽንኩርት ከሆነ 5ኤል ለምን አትፈልግም? 3 ሊትር ነው፣ ከ3ኤል ጋር አንድ ዘር ነው። ያለ ብዙ ብየዳ በነበረው ሱፖርት ላይ ይቀመጣል፣ ካምቢዮህም ይቀጥላል።

ባለ ሃይሉክስ
አክሱንና ራዲያተሩን ደምሬ ሳየው 5ኤሉ ይሻላል። ነገ ልጠይቅ ነው። ሊብሬው ላይስ ምን አደርጋለሁ?

ጋራዥ ያለው
የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ገንዘብ ሳትከፍል ቁጥሩን ከብሎኩ ላይ ራስህ አንብብ። ተፍቆ ወይም ተመቶ ከሆነ ተወው። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) እና የሽያጭ ውል ተቀበልና መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቅ፤ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት።