የ8 ዓመት ልጄ አገጩ ከተሰፋ በኋላ አፉን ሲከፍት መንጋጋው ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ አባት፣ ከኩታበር
ወንድ ልጄ ባለፈው እሑድ ከበቅሎ ላይ ወድቆ አገጩን ድንጋይ መታው። በወሰድነው የሕክምና ተቋም ቁስሉ ተሰፋለት፤ ራጅም ተነሥቶ «አጥንቱ ደህና ነው» ተብለን ተመለስን። ዛሬ 4ኛ ቀኑ ነው። ቁስሉ እየደረቀ ቢሆንም ከቀኝ ጆሮው ፊት ሲነካ ይጮኻል፤ አፉን ሲከፍት አገጩ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ጥርሱን ሲገጥም ደግሞ በግራ በኩል ያሉት ሳይነካኩ ይቀራሉ። እናቱ ደሴ እንውሰደው ትላለች፤ አባቴ ግን በአካባቢያችን የታወቀ ወጌሻ ስላለ ይታሽ ባይ ናቸው። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ከመርሳ
አብሽሩ ወንድሜ፤ አላህ ይማረው። እኔ ክርኔ ተወልቆ ያዳነኝ ወጌሻ ስለሆነ የአባትዎን ምክር አልንቅም፤ ይሁንና መንጋጋ ሲታሽ አይቼ ስለማላውቅ ሐኪም ቢናገር ይሻላል።

መልስ፦ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም፣ ደሴ
የዘረዘሯቸው ምልክቶች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ። ልጅ በአገጩ ሲወድቅ የምቱ ኃይል በመንጋጋው ዘልቆ ከጆሮ ፊት ያለውን አንጓ (መንጋጋው ከራስ ቅል ጋር የሚገጣጠምበትን የላይኛ ጫፍ) ሊሰብር ይችላል፤ አፍ ሲከፈት አገጭ የሚያጋድለውም ወደ ተሰበረው ወገን ነው። አገጭ ተሰፍቶ አንጓው ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የራጁ «ደህና ነው» መባል ብዙ አያጽናናዎት፤ በዚያ ቦታ አጥንቶች ተደራርበው ስለሚታዩ፣ የልጅ መንጋጋም ገና ባልበቀሉ ጥርሶች የተሞላ ስለሆነ፣ አጥንቱም እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ ጎብጦ በአንድ ጎኑ ብቻ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ስብራቱ በተራ ራጅ ሊሰወር ይችላል። ሲቲ ስካን፣ ካልተገኘም መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳየው የጥርስ ራጅ ያስፈልገዋል። የልጅ አጥንት ቶሎ ስለሚገጥም፣ መስተካከል ያለበት ነገር ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣልና ነገውኑ ይምጡ።

የወጌሻን እጅ አላጣጥልም፤ ነገር ግን ይህ አንጓ የልጁ መንጋጋ የሚያድግበት ስፍራ ነው። ታሽቶ ጉዳቱ ቢባባስ፣ ከዚያም በጨርቅ ታስሮ ብዙ ቢቆይ፣ መገጣጠሚያው ሊጣበቅና አፉ ሊዘጋ፣ ፊቱም ጠማማ ሆኖ ሊያድግ ይችላል።

እስኪመጡ ድረስ ሦስት ነገር ይንገሩኝ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በቅርብ ወስዷል? (ስሙ እንደሚያሳስተው ሳይሆን ያ በሽታ ከስብራት የተለየ ነው፤ ቁስሉ አፈርና ፍግ ስለነካው ግን እጠይቃለሁ።) አስመልሶታል ወይስ ራሱን ስቶ ነበር? ወደ ላይ ሲያይ ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል ይነሣሉ? የመጨረሻውን የምጠይቀው፣ በልጆች ላይ የዓይን ጉድጓድ ወለል ሲሰበር ጡንቻው በስንጥቁ ሊቆነጠጥ ስለሚችል ነው፤ ዓይኑ ቀይ ሳይሆን ነጭ እንደሆነ ልጁ ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱም ይቀንሳል፤ ይህ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚሻ ነው።

መልስ፦ እናት፣ ከሐይቅ
የእኔም ልጅ በ6 ዓመቷ ይኸው ደርሶባት ነበር። ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል ብዬ ሌሊቱን ሳለቅስ ባድርም፣ የታዘዘልን የህመም ማስታገሻና የማያስኝክ ምግብ ብቻ ነበር። አጥሚት፣ ወተት፣ የላመ ገንፎና በሽሮ የራሰ ፍትፍት አበላኋት፤ ቆሎና ሸንኮራ አገዳ ግን ከቤት አስወጣሁ።

ጠያቂው፣ ከ2 ቀን በኋላ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አላስመለሰውም፣ ዓይኑም ደህና ነው፤ ክትባቱም ተሰጠው። በሲቲ ስካኑ የቀኙ አንጓ ከጫፉ ሥር ባለው ቀጭን ክፍል ላይ ተሰብሮ ተገኘ፤ ብዙም አልተፈናቀለም። ያለ ቀዶ እንከታተለዋለን ተባልን። አባቴ ግን «አጥንት ተሰብሮ ሳይታሰር?» እያሉ ይገረማሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም፣ ደሴ
ለአባትዎ፣ ይህ ስብራት የሚድነው በእንቅስቃሴ ነው ይበሏቸው። ጥርሶቹ ጨርሶ አልገጥም ካሉ ለአጭር ጊዜ በላስቲክ ይያዛሉ እንጂ እንደ እግር ለሳምንታት አይታሰርም፤ የልጅ አንጓ እያደገ ቅርጹን ራሱ የማስተካከል ችሎታ አለው። ፓራሲታሞል በክብደቱ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ሂሳብ፣ በየ6 ሰዓቱ ይስጡት። ህመሙ ሲቀልለት በመስተዋት ፊት አገጩን መሐል ለመሐል እያደረገ አፉን እንዲከፍትና እንዲዘጋ በቀን ብዙ ጊዜ ያለማምዱት። መለኪያው የራሱ ጣት ነው፤ ጤናማ ልጅ የራሱን 3 ጣቶች ደርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል ያስገባል። ቀጠሮው እድገቱ እስኪያበቃ ድረስ ለዓመታት የሚዘልቅ ነው፤ የሚገቡት ጣቶች እያነሱ ከሄዱ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘውት ይምጡ።