የመኪና ማንሻ ሊፍቴ አንድ ጎኑ እየቀደመ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ቃሊቲ ትንሽዬ ጋራዥ አለችኝ፣ ያገለገለ ባለ ሁለት ምሰሶ 4 ቶን ሊፍት ገዝቼ ከተከልኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ መጀመሪያ ምንም አልነበረውም አሁን ግን መኪና ሳነሳ የግራው ከቀኙ ወደ 3 ሳንቲም ይቀድማል፣ እንዳይወርድ የሚይዘው ሎክም እኩል አይገባም አንዱ ቀጭ ይላል ሌላው ቆይቶ። ባለፈው ቪትዝ ስለነበር ተረፍን፣ ዶልፊን ሚኒባስ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ ፈራሁና መኪና መስቀል አቁሜያለሁ።

ምሰሶዎቹን በውሃ ልክ አየኋቸው ቀጥ ናቸው፣ የመሬቱን ቡሎኖችም መልሼ አጠበቅኩ። ግራና ቀኙን የሚያመጣጥኑት ሁለቱ ካቮዎች (የብረት ገመዶች) ግን በእጄ ስጫናቸው አንዱ ረገብ ብሏል፣ ጥቂት ክሮችም ተበጥሰውበታል። ማጥበቅ ይበቃል ወይስ ግድ ይቀየር? ባዶውን ሁለቱንም ጎን ሎክ ላይ አሳርፌ የካቮውን ዳዶ ላጥብቅ ወይስ መጀመሪያ ከሲሊንደሩ አየር ላስወጣ? ምክንያቱም ሲወርድም አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል።

ዘይቱ ደሞ ጠቁሯል፣ ሻጩ ማኑዋል አልሰጠኝም፣ 32 ቁጥር ሃይድሮሊክ ልሙላ ወይስ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሆናል? አንዱ ያገኘኸውን የሞተር ዘይት ጨምርበት አለኝ፣ እሱን እንኳ አልሰማሁትም። የሠራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ደንበኛ እየሄደብኝ ነው